የአጥር ሥሩ ቅጠል

ጎረቤቴ ጋሽ ቸኮል ሀና ማርያም ሰፈር ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የመጋዘን ጥበቃ ነበሩ፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በቁስል መድኃኒታቸው ነው። ጫማ የላጠው ተረከዝ፣ እሳት የነካው እጅ፣ አልድን ያለ ቁስል ሁሉ እሳቸው ደጅ ይመጣል። አጥበው፣ ዱቄቱን ነስንሰው ያስራሉ። ክፍያ አይቀበሉም፤ ምስጋና ሲበዛ ግን ቅር አይላቸውም።

ዱቄቱ ከሁለት ቅጠል ነው። አንዱ አባታቸው በመሐላ ያስረከቧቸው ነው። ረቡዕ ጠዋት ከማንም ሳይነጋገሩ ይቀጥፉታል፤ ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይላሉ። የላፍቶ ሜዳ ሁሉ ቤት ከሆነ ወዲህ እሱን ፍለጋ ሁለት ታክሲ ይዘው ከከተማ ይወጣሉ። ሁለተኛው ማሳሳቻ ነው፤ ዱቄቱን ያየ ሰው ዋናውን እንዳይለይባቸው የሚጨምሩት እንጂ ለቁስል ይረዳል ብለው አይደለም። እሱ አጥራቸው ሥር ይበቅላል። ለቅሞ፣ አድርቆ መውቀጡ የባለቤታቸው የእትዬ ወርቅዬ ሥራ ነው። ዋናውን እንኳን ሊነኩት አይተውትም አያውቁም። የሁለቱንም ስም እኔም አልነግራችሁም፤ ነገ የሰው አጥር ስትገነጥሉ እንዳላይ።

አምና ሄርሜላ መጣች። ልጅ ሳለች የፈላ ውሃ እግሯን ልጦት ጋሽ ቸኮል ናቸው ያዳኗት። አሁን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ዕፅዋት ታጠናለች፤ ቅጠሉን በአይጦች ቁስል ላይ ልሞክረው ብላ ለመነቻቸው። እምቢ ማለት ከበዳቸው፣ መሐላ ማፍረስም ፈሩ። ማሳሳቻውን ብቻ ሰጥተው «ይኸው ነው» አሏት።

ከጥቂት ወራት በኋላ እየሮጠች መጣች። ቅጠሉ የገባበት ቅባት ባዶውን ቅባት በብዙ ቀን ቀድሞ ቁስሉን አድኖታል። ጥናቷ መጀመሪያ ላይ የጋሽ ቸኮልን ስም አስፍራ ልታመሰግን ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ ደስታ መስሎኝ ነበር። ለካ አፍረው ነው። በዋሹበት ነገር ስማቸው ሊጻፍ!

ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አላቸው። በመጨረሻ ዋናውን ቅጠል በፌስታል ቋጥረው ሄዱና እውነቱን ነገሯት፤ ስሙንም ጭምር። ሄርሜላ አልተቆጣችም፤ ሁለቱንም እንደገና ጎን ለጎን ሞከረቻቸው። የአጥር ሥሩ እንደ ፊተኛው ሆነ። የአባታቸው ቅጠል ግን ከባዶው ቅባት አልተሻለም። ለማን አዝኜ ለማን እንደምደሰት ጠፋኝ።

ጋሽ ቸኮል ውጤቱን ሰምተው ሲመለሱ እትዬ ወርቅዬ ግቢ ውስጥ ቅጠል እያሰጡ ነበር። የተባባሉትን ኋላ ሁለቱም ነግረውኛል።

«የአባቴ ቅጠል ባዶ ነው» አሏቸው ቆመው። «ሰው ስታድኚ የኖርሽው አንቺ ነሽ።»

እትዬ ወርቅዬ እጃቸውን ከቅጠሉ አላነሱም። «አውቃለሁ» አሉ። «አባትህን ልትቀብር አገር ቤት የሄድክ ጊዜ ቀላቅለህ የተውክልኝ ዱቄት አልቆብኝ ነበር። ሰባት ሰው በእኔው ቅጠል ብቻ አሰርኩ። ሁሉም ዳኑ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አባትህን ቀብረህ መጣህ» አሉ እትዬ ወርቅዬ። «ከሳቸው የቀረህ እሱ ብቻ ነበር።»