ወገን እያላት ትከሻ ገዛች አሉኝ

ቢቸና፣ ሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል

ኤንትሬ የምትባለው የጭነት መኪና ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭናለች። ከጭነቱ ላይ ሰው እንደ ወፍ ተደርድሯል፤ ሁሉም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቧል። ጥር ነው፤ የቢቸና ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ገቢና ነኝ። ከላይ ሁለት ብር፣ ገቢና ሦስት ብር ከሽልንግ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው።

«ለሴት ልጅ ገቢና ይሻላታል» አለኝ።

«ገቢና የገባሁት ስለከፈልሁ ነው» አልሁት። ሳቀና ሞተሩን አስነሳ።

የምሄደው ሞጣ ነው። የምሄደውም ለልመና አይደለም፤ ለክርክር ነው። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቢቸና ሕፃናት ሳስተምር ቆየሁ፤ አሁን ቤይሩት የነርስነት ትምህርት አግኝቻለሁ። የቀረኝ ፓስፖርት ነው። አዲስ አበባ ፓስፖርት መስጫው መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «ያላገባሽ ስለሆንሽ የቤተሰብ ፈቃድ በወረዳችሁ ተረጋግጦ ይምጣ» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትን ያላገቡ ወንዶች ግን አንዳቸውንም አልጠየቀም። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ «ከኋላሽ ያለውን ሰው አታስጠብቂ» ነበር መልሱ።

አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ ሞጣ ወንድሟ ቤት ናት። ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም አያ ይርዳው ናቸው። እሳቸው ደግሞ እንቢ ብለዋል። እንቢ ያሉት ቤይሩት መሄዴን ሰምተው አይደለም። የጤና ኢንሹራንስ መግዛቴን ሰምተው ነው።

የቤይሩቱ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ ይያዝ ስለሚል ገዛሁ። ደስ ብሎኝም ጻፍሁላቸው፤ የንስሐ አባታቸው አነበቡላቸው። መልሱ በጨው ነጋዴ አፍ መጣ፦ «ትከሻ የሚገዛ ዘመድ የሌለው ነው። የእኔ ልጅ ወገን እያላት ትከሻ ገዛች። እንግዲህ ፈቃድ ከሸጡላት ሰዎች ትጠይቅ።»

ይህን በጋዜጣ ለሚያነበው የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። በእኛ አገር ሰው ሲታመም ቃሬዛ ላይ ይተኛል። የደብሩ ወንዶች እየተፈራረቁ በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ወሰናቸው ያደርሱትና ለማዶው ደብር ሰዎች ያስረክባሉ። እነዚያም ተሸክመው ለሚቀጥሉት። ሐኪም ቤት እስኪገባ መሬት አይነካም። ክፍያ የሚባል ነገር አይነሣም። ገንዘብ አውጥቶ የታመመ ያሸከመ ሰው ቢኖር «ማንም የሌለው» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙም ለልጅ ልጁ ይተርፋል። አጎቴን ያቃጠላቸው ይኸ ነው።

ላስረዳቸው እሄዳለሁ። ካልገባቸውም ደግሜ አስረዳለሁ።

ደብረ ወርቅ፣ ረፋድ

መንገዱ ነጭ አቧራ ነው። ቅንድቤ የዱቄት ወፍጮ ቤት የሠራሁ ይመስላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይወቃል፤ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ሰይድ ጎማ ሊነፋ ቆመ። ሴቶች የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ይዘው ከበቡን፤ አንዱ እስር አምስት ሳንቲም። ሁለት ገዝቼ አንዱን ለሰይድ ሰጠሁት። ጉዳዬን በመንገድ ላይ አጫውቼው ነበርና እየፈለፈለ ጠየቀኝ።

«ኢንሹራንስስ ለመኪናዋ ባለቤቷ ገዝቶላታል። ገደል ብገባ እሷ በአዲስ ትተካለች። እኔን የሚተካኝ የለም። የአንቺ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«ስታመም የሐኪሙን ይከፍልልኛል።»

«አሁን እዚህ ብትታመሚስ?»

«አይሠራም። የሚጀምረው ከአገር ስወጣ ነው።»

«እንግዲያ እስክትወጪ አደራ አትታመሚ። ታመምሁ ስትያቸው ያምኑሻል?»

«ቃሌን አያምኑም። ትንሽ ሕመም ከሆነ ራሴ ከፍዬ፣ የሐኪም ፊርማና ደረሰኝ አቅርቤ ነው የሚመልሱልኝ። ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ግን አስቀድሞ ቴሌግራም ይመታላቸዋል።»

«ነፍስሽን ሳታውቂ ብትወድቂስ?»

«ሌላ ሰው ይመታልኛል። ይህንን ጠይቄአለሁ።»

«ወባ ይዞሽ ያውቃል?»

«ዓባይ በረሃ ሳልፍ ይዞኛል።»

«ኋላ ቤይሩት ቢነሣብሽ?»

«ከድሮ ጀምሮ የነበረ በሽታ ነው ካሉ አይከፍሉም።»

«ይኼማ ብልጥ ነው» አለ ሰይድ። «ወባሽን እዚሁ ለእኛ ትተሽልን ሂጂ።»

ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ውጭ አገር ለመማር የምትነሡ ሁሉ ስሙኝ። የሸጠልኝ ሰውዬ ብዕር አውጥቶ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲለኝ፣ ሁሉንም ካላነበብሁ አልፈርምም ብዬ ቢሮው ቁጭ አልሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰበት። «የሚከፈለውን ነግሬሻለሁ» አለኝ። «የማይከፈለውን ይንገሩኝ» አልሁት። የሚከፈለውን ሁሉም ያወራላችኋል፤ የማይከፈለው በደቃቁ ነው የሚጻፍ። የወባውን ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነው።

ከቀራንዮ ወዲያ፣ ከሰዓት በኋላ

ከፊታችን መንገዱን የሞሉ ሰዎች አየን። ሰይድ ቀስ አለ። ቃሬዛ ነው። የተኛው ጎልማሳ ነው፤ በሬ ወግቶት እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ከንፈሩ ደርቋል። አንዱ ተሸካሚ «ተካኝ» ሲል ሌላው ከሥር ትከሻውን ያስገባል፤ ቃሬዛው አይነቃነቅም።

ሰይድ አንገቱን አውጥቶ «ጫኑት፣ ሞጣ ክሊኒክ ደጃፍ አወርደዋለሁ። ክፍያ የለውም» አላቸው።

ከፊት የሚሄዱት ሽማግሌ «እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ወሰናችን ወንዙ ነው። ማዶዎቹ መልእክት ደርሷቸው ቆመው ይጠብቁናል። በመኪና ሰደዱት ቢሉን ምን አፍ አለን?»

«ዳነ ይሏችኋላ» አልሁ ከገቢናው ወርጄ።

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የሞጣ ነኝ። አያ ይርዳው ናቸው ያሳደጉኝ።»

«ይርዳውን አውቀዋለሁ። እንዲህ አድርጎ አላሳደገም።»

«እግሩ እየመረቀዘ ነው እኮ፤ አይታያችሁም? በእግር ሞጣ ስትደርሱ ይመሻል። ለመሆኑ እሱን ማን ጠየቀው?»

እውነትም ማንም አልጠየቀውም ነበር። ጎንበስ ብዬ «አንተስ ምን ትላለህ?» አልሁት።

ዓይኑን ገለጠ። «ልሳፈር» አለ። «ትከሻችሁን ጠልቼ አይደለም። እግሬ ነው የማይጠብቀኝ።»

ተሸካሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው «እሺ፣ ይሳፈር» አሉ። «እንደ ጨው ጆንያ ግን አይጋደምም።»

ከዚያ ያደረጉትን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ቃሬዛውን ይዘው ወጡ፤ ተሳፋሪው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀ፤ እነሱም ጭነቱ ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙ፤ ቃሬዛውን እንደ ተሸከሙት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከኋላ ከፊት ወገባቸውን ያዙላቸው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ የሚንገጫገጩት ሰዎቹ ናቸው፤ የታመመው አይነካውም። ሰይድ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ የነዳ አይመስለኝም።

ወንዙ ዳር የማዶው ደብር ሰዎች በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መኪናዋ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ አልወረዱም፤ እነዚያ ወጡ። እዚያው ጭነቱ ላይ፣ በወሰኑ ላይ፣ «ተካኝ»፣ «ተካሁህ» ተባብለው ተረካከቡ። ከዚያ በኋላ ነው የፊተኞቹ ወርደው፣ የበሽተኛውን እግር ስመው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ሽማግሌው በገቢናው መስኮት በኩል ሲያልፉ «ለይርዳው ሰላምታ በይልኝ» አሉኝ፤ «ምላስሽንም ይጠብቅልሽ።»

«አሜን» አልሁ።

ሞጣ፣ ሲመሻሽ

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። በሽተኛው ክሊኒክ ገብቶ እኔ ሰፈር ስደርስ አያ ይርዳው ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«መኪና ላይ ቃሬዛ ተሸክመው መጡ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ይሳፈር ብዬ የተሟገትሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ማን ይሆናል ሌላ።» ወደ ውስጥ ገባን፤ እናቴ ውኃ አቀረበችልኝ። አያ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ቀጠሉ፦ «ታዲያ አየሽ? መኪና ላይ ሆነው እንኳ አላስቀመጡትም። ወገን ማለት ይኸ ነው። አንቺ ይህን ትተሽ ትከሻ ትገዢያለሽ።»

«አየሁ አያ። ስላየሁ ነው የምጠይቅዎ። ቤይሩት ብታመም የየትኛው ደብር ሰው ይመጣልኛል?»

«አገሩ ሰው የለበትም?»

«ሞልቷል። እኔ ግን በማንም ወሰን ውስጥ አይደለሁም።»

«ገንዘብ እልክልሻለሁ።»

«እስኪደርስ እሞታለሁ።»

«አፍሽን ዝጊ» አለች እናቴ ከጓዳ።

«አዎ ገዝቻለሁ» አልሁ። «ትከሻ ነው የገዛሁ፤ አልክድም። የእርስዎ ትከሻ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ባሕር ስለማይሻገር ነው። ሰው የሚያፍረው ወገን ሲያጣ ነው፤ እኔ ግን ወገኔ የማይደርስበት ቦታ የሚደርስልኝን ነው የገዛሁት።»

አያ ቀስ ብለው «ብትሞቺስ?» አሉ።

«ይመልሱኛል።»

«ሬሳሽን?»

«በአውሮፕላን እስከ አዲስ አበባ። ተጽፏል።»

«ፍትሐቱ እዚህ? መቃብርሽ ከአባትሽ ጎን?»

«ከአዲስ አበባ ወዲህ ያለው የእናንተ ፋንታ ነው።»

ፊታቸው ተፈታ። «ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትጽፊልኝም ኖሯል? እንዲህ ከሆነማ ደግ ነው። ነገ ወረዳ እንሄዳለን።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። አልቻልሁም።

«አያ፣ ስለመዳኔ ስናገር ግንባርዎ አልፈታ አለ። ስለ ሬሳዬ ሲሰሙ ደስ አለዎት። በሬሳዬ ፈቃድ አልወስድም።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ፈቅዶልሽ የለም እንዴ? ተቀበይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

«የምድንበትን ሰምተው ይፍቀዱልኝ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እያዞርሁ ነገርኋቸው፦ የሚከፈለውንም፣ የማይከፈለውንም፣ የወባውንም ሳልደብቅ። አያ ችሎት ላይ ክርክር እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ታመሽ ስትተኚ አጠገብሽ ማን ይቀመጣል?»

ወረቀቱን አጠፍሁት። «እሱን አይሸጡም።»

«እንግዲያ አንድ ሌሊት ልደርበት» ብለው ተነሡ።

ሞጣ፣ ማክሰኞ ጠዋት

አያ በርኖሳቸውን ደርበው ከእኔ ቀድመው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመዋል። እፈቅዳለሁ ወይም አልፈቅድም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጸሐፊው ከሐረር ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው። ስማችንን መዘገበና ቀና አለ።

«አቶ ይርዳው፣ ልጅቱ ወደ ውጭ አገር እንድትሄድ ይፈቅዳሉ?»

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «ባልፈቅድስ?»

«እሄዳለሁ» አልሁ። «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ። ሌላ በር አንኳኩቼ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ምነው ነገርሽን በእጅሽ ታበላሺያለሽ?»

«ተዋት» አሉ አያ። «ዋሽታኝ ብትሄድ ነበር የምፈራላት። በል ጻፍ፦ ፈቅጃለሁ። ባልፈቅድም እንደምትሄድ አውቄ ፈቅጃለሁ።»

«ይኼ አይጻፍም፣ አባቴ።»

«እውነቱ ነውሳ፣ ለምን አይጻፍም?»

«ፈቅጃለሁ የሚለው ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«እንግዲያ እሱን ጻፍ። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ጸሐፊው «በቃ አባቴ፣ ያንሡት» እስኪላቸው ድረስ እንደ ጫኑት ነበሩ።