በቁመታችን ልክ

በነገሌ ዳባሶን የማያውቅ አልነበረም፤ ደጁ ሲመጣበት ደስ የሚለው ሰው ግን አላጋጠመኝም። መቃብር ቆፋሪ ነበር። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ይቆፍራል። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሰላም ሲል እንኳ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ የቦረና ሰው ነው። ሬሳ የሚለካበት በትር ነበረው፤ እያደር ግን በሩ ጥግ አስደግፎ ተወው። ሰውየውን በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ አይቶት ከሆነ ይበቃዋል። አቀርቅሮ የሚሄደውም ለዚሁ ነበር፤ እኔ ሞኟ ዓይን አፋር ይመስለኝ ነበር።

ከዳባሶ ጋር አጥር እንጋራለን። ባለቤቴ ገብረወልድ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሲመደብ ከሸዋ ተከትዬው መጥቼ ነው። የዳባሶን ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ተቅማጥ ጨርሷቸዋል፤ የሦስቱንም መቃብር የቆፈረው ራሱ ነው። የቀረችው የሰባት ዓመቷ ጉያቱ ብቻ ነበረች። ጉያ በቦረንኛ ቀን ማለት ነው፤ በጠራራ ቀትር ስለተወለደች ነው አሉ ይህን ስም ያወጣላት። እሷን ካጣ ደግሞ በዚች ምድር ማንም የለውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጊዜው ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሰፈራችን ሽንት ቤት አያውቅም። ሁሉም ወደ ቁጥቋጦው ይወጣል፣ ዝናቡ ቁጥቋጦውን ጠራርጎ ወደ ኩሬው ያወርዳል፣ እኛም ከኩሬው ቀድተን እንጠጣለን። ይህን ፊት ለፊት የነገረን ኃይለመስቀል የሚባል ወጣት የጤና ሠራተኛ ነው። ሽንት ቤት ይቆፈር እያለ በየደጁ እየዞረ ለመነን፣ ተቆጣን፣ በመጨረሻ ሰለቸንና እሺ አልነው። ማን ይቆፍር ሲባል ዳባሶ ተጠራ። እስቲ አሁን ይሄ ይታሰባል? ግን ያን ድንጋይ መሬት የሚደፍር ሌላ ሰው አልነበረም። ኃይለመስቀል ጥልቀቱን ብቻ ነግሮት ለሥራ ወደ አሬሮ ሄደ።

ዳባሶ በየጓሮው ቆፈረ። ሲጨርስ ወጥተን አየን። ጉድጓዶቹ እንደ መቃብር ጠበብ፣ ረዘም ብለው፣ ግድግዳቸው በእጅ ተስተካክሎ ተቆፍረዋል። የነጋዴው የሀሺ አጭርና ሰፊ ነው፤ ሀሺም አጭርና ወፍራም ነው። የእኛ ከሰፈሩ ሁሉ ረዘመ። ገብረወልድ ጉድጓዱ ራስጌ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ከኋላው ፀሐይ ነበረች፤ ጥላው ከአፋፉ ወርዶ እዚያ ውስጥ ተጋደመ፣ ከዳር እስከ ዳር ልክ ሆኖ። ባሌ ገባና ራቱን ሳይበላ ተኛ።

እኔ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። በማግስቱ ከአጥሩ ላይ ጠራሁት።

«አባ ጉያቱ፣ ምን ነካዎት? ባሌን በቁሙ ለኩት እኮ!»

«እኔ አልለካሁም፣ እትዬ ብዙ» አለኝ ወደ መሬት እያየ። «ወላሂ አልለካሁም። እጄ ነው የለካው።»

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ማን ይጠጋዋል? ተቆፍሮ ክፍት ያደረ ጉድጓድ ባለቤቱን ሳይጠራ አይቀርም ተባለ። ቀትር ሲሆን ሰፈሩ ጭር ይላል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በር ይዘጋሉ። ከጓሮዬ አንዳች ነገር የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር፤ ነፋስ ነው እያልኩ ራሴን ብቆጣም ፈርቼ ነበር። ሁላችንም ተመልሰን ወደ ቁጥቋጦው መውጣት ጀመርን። ዝናቡ መጣ፣ ኩሬው ሞላ፣ ተቅማጡም ተከተለ። መጀመሪያ የሞተው ሀሺ ነው። ዳባሶ መቃብሩን ሲቆፍርለት የቆሙት ሰዎች ከጓሮው ጉድጓድ ጋር አንድ ነው ብለው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከዚያ ጉያቱ ታመመች። በቀትር ሙቅ ይዤ ስሄድ ልጅቷ ቁርበት ላይ ተዘርግታለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ዳባሶ ከጎኗ ተንበርክኮ ያንን የድሮ በትር አጠገቧ አስተኝቷል። በጥፍሩ ምልክት አደረገበትና ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት።

የራሱን ጉድጓድ የቆፈረው ከሁሉ በኋላ፣ ደክሞት ሳለ ነው። ያጠረው ጉልበቱ ስላለቀ መስሎት ነበር። በትሩን አወረደና ለካው። ከጫፉ እስከ ምልክቱ ድረስ፣ የልጅቷ ቁመት ልክ ነበር፤ አንዲት ጣት እንኳ አልተረፈም።

«ያ ዋቅ!» አለ አምላኩን ጠርቶ። መሸሽ ፈለግሁ፤ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

በትሩን ጉድጓዱ ወለል ላይ አጋደመው። ራስጌውን ወደ አንድ ወገን፣ ግርጌውን ወደ ሌላው፣ ልክ እንደ ሰው። አፈሩን መለሰበት፣ በእግሩም ረገጠው። «ጉድጓዱ ልኳን ወስዷል» አለኝ። «እሷን አይጨምርም።» ገብቶ ልጁን ታቀፈና ወደ ከተማው ክሊኒክ ሮጠ።

ኃይለመስቀል ከአሬሮ ተመልሶ ነበር፤ ግሉኮስ ሰቀለላት። ሰዉን የገደለው የኩሬው ውሃ እንጂ ጉድጓድ እንዳልሆነ ደጋግሞ አስረዳው። ዳባሶ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሽንት ቤቱ ክብ ቢሆን ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ስትጠይቅ አካፋውን አነሳ። በየቤቱ እየሄደ ረጅሞቹን ጉድጓዶች ከጫፍና ከጫፍ እየደፈነ፣ መሐሉን ክብና ጠባብ አድርጎ አስቀረው፤ ሰው ቢቆምበት እንጂ ቢተኛበት የማይሆን። ሲሠራ ባለቤቶቹ ከቤት እንዳይወጡ ይለምን ነበር። «አትታዩኝ፣ አደራ» ይላል። እኛም በር ዘግተን የአካፋውን ድምፅ እያዳመጥን እንቀመጣለን። አፉ ላይ እንጨት ተረበረበ፣ ክዳን ተደረገለት። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እየፈራሁ፣ ለወሬ እንዲመች ግን ጮክ ብዬ እየዘፈንኩ። ከዚያ ሌላው ተከተለኝ። በሚቀጥለው በልግ ከሰፈራችን ሬሳ አልወጣም።

ጉያቱ አደገች። ክሊኒኩ ቀጠራትና እስከ ሜጋ ድረስ እየዞረች በቦረንኛም በአማርኛም ስለ ሽንት ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ታስተምራለች። ሰው ይሰማታል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ዳባሶ የሞተው በስድሳ ስድስት፣ በእርጅናው ነው። የሚቆፍሩት ጎረምሶች መለኪያ የለም ብለው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ጉያቱ ከበሩ ላይ ሆና አባቷን አንድ ጊዜ አየችው። ወጣችና በእግሯ ጣት አፈሩ ላይ ሁለት ቦታ ጫረች። «ከዚህ እስከዚህ» አለች። ስናወርደው ልክ ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ የሽንት ቤታችን ክዳን ተሰብሮ ልታየው መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «አካም፣ ልጄ?» ብዬ በቦረንኛ ደህንነቷን ስጠይቃት «ናጋ፣ እትዬ ብዙ» አለችና ቀና ብላ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ወዲያው ደንግጣ አቀረቀረች።

እንደ ልጄ ነው የምወዳት። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስትመጣ አልነሳላትም። ተቀምጬ ነው የማነጋግራት።