ጠበሉ ሳይደፋ

ጅጋን ስናልፍ የሚኒባሱ የሙቀት ጌጅ መርፌ ቀዩን እየነካ ይመለስ ጀመር። አምስት ወንዶች ወርደው በሸንጎ ወግ መከሩና ሞተሩ ፈልቷል ሲሉ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ውኃ ግን የለም። ሹፌሩ አንዲት እናት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ለተኛች ልጇ የያዘችውን የጠበል ጀሪካን ራዲያተሩ ውስጥ ሊጨምር አነሳ።

"የሰው ጠበል አስቀምጥ" አለች፣ ነጠላዋን ግራሶ የነካባት ሌላ ሴት።

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?" አላት ሹፌሩ።

የራዲያተሩን ቱቦ ጨበጠች። "ቢፈላማ መዳፌን ባቃጠለኝ። ጌጅህ የሚዋሽብህ ይኸ ሽቦ ላልቶ ነው።"

ሽቦውን በቢላ ፍቃ አጠበቀችው፤ መርፌው መሐል ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?" አለ ሹፌሩ።

"ባሌ ሹፌር ነበር። መኪናውን ማን ይጠግንለት የነበረ ይመስልሃል?"

ሸንጎው ተበትኖ ተሳፈረ፤ ጠበሉም እንደተከደነ ፍኖተ ሰላም ገባ።