ያስቋረጥኩት ኪኒን

የወንድሜ ሕመም የጀመረው በእጁ ነው። ዳምጠው መካኒሳ ውስጥ በአንድ እንጨት ሥራ ቤት አናጺ ነበር፤ እንጨት ላይ የሚያሰምረው መስመር እየተጣመመ አስቸገረው። ከዚያ የሁለት ሰው ምግብ እየበላ መክሳት ጀመረ። በክረምቱ ቅዝቃዜ ብርድ ልብሱን ገፎ ይተኛል፤ የልቡ ምት በሸሚዙ ላይ ይታያል። ወላጆቻችን ስለሞቱ ያሳደግኩት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ የማውቀው መስሎኝ "ፍርሃት ነው" አልኩ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ስም የለጠፈው በዚያው ሰሞን ነበርና።

ለምልመላው ሲመረመር ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰና ለስድስት ወር አዘገየው፤ ወደ ሆስፒታልም ላከው። እዚያ አንገቱ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ እንደሚሠራ ታወቀ።

ያዩት ሐኪም ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ሁለታችንንም አስቀምጠው "መንገዱ ሦስት ነው" አሉን። "አንደኛው ካርቢማዞል የሚባል ኪኒን ነው፤ ዓመት ተኩል ያህል ይወሰዳል፣ ሲቆም በሽታው ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ በኪኒን መረጋጋት ይፈልጋል፣ የድምፅ ነርቭም ሊነካ ይችላል። ሦስተኛው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ማለትም ዕጢውን በጨረር የሚያደክም መድኃኒት ነው፤ እሱ እኛ ጋ የለም።"

ዳምጠው ወዲያው "ኦፕራሲዮኑ ይሁንልኝ" አለ። "አንዴ ተገላግዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ።"

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። በኦፕራሲዮን ፈጥኖ ከዳነ ይዘምታል። ስለዚህ "ኪኒኑ ይሻልሃል፣ አንገትህን ቢላዋ አይንካው" እያልኩ አሳመንኩት። እውነተኛውን ምክንያቴን ለሐኪሟ አልተናገርኩም።

ኪኒኑ ሠራ። በሁለት ወር ውስጥ እጁ ረጋ፣ ጉንጩ ሞላ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ድኖ ካዩት ይወስዱታል። ሁለተኛው የምልመላ ምርመራ ሲቃረብ "እስኪያዩህ ድረስ ኪኒኑን ተወው" አልኩት።

"እታለም፣ ሐኪሟ እንዳታቋርጥ ብለውኛል።"

"ብትሞት የምቀብርህ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም።"

እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ብልቃጡን አውጥቶ ሰጠኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። አስመለሰው። ቃዠ። እኔን አላወቀኝም። ጎረቤቶች ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡልኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ወጣት ሐኪም "ያቋረጠው መድኃኒት አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩ። ወባ መስሎት ደም እንዲወሰድ አዘዘ። ቆሜ አየሁ። የወንድሜ ዓይን ተገለበጠ።

"የታይሮይድ ኪኒኑን አቋርጧል" አልኩ። "ያስቋረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ አንድ ጊዜ አየኝና የዕጢውን መድኃኒት ሊያመጣ ሮጠ።

ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ዳምጠው ቀስ እያለ መቀመጥ፣ ከዚያም አልጋውን ይዞ መቆም ጀመረ፤ ሐኪሟም ዕጢውን በካርቢማዞልና የልብ ምትን በሚያበርደው ፕሮፕራኖሎል ለወራት ካረጋጉለት በኋላ መጀመሪያውኑ ራሱ የመረጠው ኦፕራሲዮን ተደረገለት፤ ድምፁም ጥቂት ሳምንት ሻክሮ ቆይቶ ተመለሰ። ልቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ምቱ እስከ ዛሬ የተዛባ ነው፤ ከባድ እንጨት ማንሳት አይችልም።

በልቡ ምክንያት ለውትድርና ብቁ አይደለም ተብሎ ተጻፈለት። የፈለግኩትን አገኘሁ። አብሮት ስሙ የተለጠፈው የጎረቤታችን ልጅ ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ እናቱ "አንቺስ ታደልሽ" ትለኛለች።

ዳምጠው ነገሩን ያነሳው አንድ ቀን ብቻ ነው። "ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ" አለኝ። "መምረጥ ግን የእኔ ነበር።"

ሳይወቅሱኝ ወንድሜን ያተረፉልኝን ሐኪሞች አመሰግናለሁ። ይህ በሽታ ቤታችሁ የገባባችሁ ሰዎች፣ ኪኒኑን በራሳችሁ ሐሳብ አታቋርጡ። ኪኒን ወይስ ኦፕራሲዮን ብላችሁ ስትመርጡም የምትፈሩትን ሁሉ፣ የሚያሳፍራችሁንም ጭምር፣ ሐኪሙ ፊት ተናገሩ። እኔ አልተናገርኩም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሐኪሟ ምክንያቴን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ "ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ኪኒኑን እየወሰደ ሳለ በሕክምና ላይ ነው፣ አይዘምትም ብዬ እጽፍለት ነበር" አሉኝ። "ዓመት ተኩሉን በሙሉ።"