ጽዋውን ለአበባ

አባቴ አሻግሬ ደባርቅ ውስጥ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ የሚጭን ሰው ነው። ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ እህል ይጭናል። ወንድሜን እንዳለውን የቀበሌው ሹም ይግዛው ከቤታችን ከወሰደው ስድስት ወሩ። ፍርድ ቤት የለ፣ ምን የለ። የት ነው ሲባል «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። ይሄ ሰውዬ ከአባቴ ጋር በሚካኤል ማኅበር አንድ ጽዋ የሚጠጣ ነው!

የዛን ለት ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ሬዲዮው ያወራል። አንድ የአገሮች ኅብረት ሕዝቡን በሚያስር አንድ አባል መንግሥት ላይ ማዕቀብ ይጣል አይጣል እያለ ሦስት ቀን ተሰበሰበና፣ «ድሃው ይጎዳል፣ ደግሞም የውስጥ ጉዳይ ነው» ብሎ ተበተነ።

አባቴ ሬዲዮውን ጥርቅም አደረገው። «ሹሙን ለይቶ መቅጣት ማን ከለከላቸው?»

እናቴ አልጣሽ ከጓዳ ወጣች። «አንተስ ዛሬ ጽዋውን ለማን ልታስረክብ ነው?»

ሰው ሁሉ ከሚስቱ ጋር ወደተቀመጠው ሹም ዞረ። ተረኛው ይግዛው ነዋ። የወሩ ደጋሽ ጽዋውን ለመጪው ወር ተረኛ በእጁ ይሰጣል። ከከለከለው ሰውየው ከነቤተሰቡ ከማኅበር ወጣ ማለት ነው።

«ተው አሻግሬ» አሉ መምሬ ወልደ ገብርኤል። «አብሮን ሲቀመጥ ነው የሚመከር።»

«ስድስት ወር መከርነው እኮ መምሬ! እርስዎ ይመክራሉ፣ እሱ ዳቦውን ይገምጣል!»

«ሚስቱና ልጆቹስ ምን አጠፉ?» አሉ መምሬ።

ይግዛው ሳቅ ብሎ እጁን ዘረጋ። «በል አያ አሻግሬ፣ አምጣው፣ መንገድ አለብኝ።»

ነገ አባቴንም ይወስደዋል ብዬ ፈራሁ። አባቴ ጽዋውን አነሳና ይግዛውን አልፎ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ ለአበባ ሰጣት።

«አንቺም ልጆችሽም የኛ ናችሁ። እሱ ግን ልጄ ቤቱ እስኪገባ አንድ ጽዋ አይቀምሳትም።»

አበባ ባሏን አየችው። ከዛ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

በወሩ ለሚካኤል አበባ ደገሰች፤ ይግዛው ግን ከማኅበሩ ስለወጣ በገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ ዋለ። የሚገባው ሁሉ አንድ በአንድ «እንዳለው የት ነው?» ይለዋል። አይመልስም። መጨረሻ ላይ መምሬ መጡ። መስቀሉን ሳያሳልሙት፣ «እንዳለው የት ነው?» አሉት።

«ዳባት እስር ቤት ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሰኞ ይፈታል።»

«ታውቅ ነበር!» አባቴ ጮኸ። «እናቱ እያለቀሰች ታውቅ ነበር!»

ይግዛው ሊገባ እግሩን አነሳ። አባቴ በሩን በትከሻው ሞላው።

«ሰኞ ልጄ ቤቱ ይግባ። ከዛ ትገባለህ።»