ሰጪዋ ያልቀመሰችው ምስር

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ይሆናል? የእትዬ ወለተ ሰንበትን ሳስበው፣ ከመዳፍ ላይ ጠላ መቅመስ ይመስለኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠላ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ለጠጪ ከመስጠታቸው በፊት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፣ መርዝ እንደሌለበት ሰው እንዲያይ።

ለዓይናቸው ሕክምና ከልጃቸው ከመቅደላዊት ጋር ሕንድ ሄዱ። ካረፉበት ቤት አጠገብ የምትኖር ሱኒታ የምትባል ሴት፣ ሳታውቃቸው፣ ትኩስ የምስር ወጥ ከቂጣ ጋር ይዛላቸው መጣች። ሳትቀምስ ስትሰጣቸው ጠረጠሩ፤ ፈገግታዋ ይበልጥ አስጠረጠራቸው።

«ቅመሺ በያት!» አሉ ልጃቸውን። መቅደላዊት በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ‹በእኛ አገር አፍ የነካውን ለእንግዳ መስጠት ነውር ነው› አለች።»

«ነውር? የገዛ ወጧን የምትፈራ ሴት አይቼ አላውቅም!»

ረሀቡ ሲጠናባቸው አማትበው ጎረሱ። ጣፈጣቸው፤ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። እኔን የሚገርመኝ ግን ጣዕሙንም መጠርጠራቸው ነው። «እንዲህ የሚጣፍጠው ያለ ነገር አይደለም» አሉ።

ሱኒታ በየቀኑ አመጣች፤ እሳቸውም በየቀኑ እየጠረጠሩ በሉ። ሊመለሱ ሲሉ እጇን ያዙ።

«አምኜሽ ልሂድ ልጄ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ እፊቴ ቅመሺልኝ።»

መቅደላዊት ተረጎመችላት። ሱኒታ ሳቀች፣ አቀፈቻቸው፤ አልቀመሰችም።