ሆዱ ያልተከፈተው ድብ

ድብ ተመትቶ ወድቆ ሳለ ሰው ሲዝናና ካየ ክሎቪስ ሲር ደሙ ይፈላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደቡብ የሚመጡ አዳኞችን እየመራ ጫካ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። በብርዱ ወራት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ነሐሴ ሲገባ ግን አውቶቡሱን የሚያስታውስለት የለም። ከዳቦ ቤት የተረፈ ጣፋጭ፣ የጠቆረ የመጥበሻ ዘይትና ሞላሰስ ደባልቆ በርሜል የሚሞላ፣ በርሜሉን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት የሚያስር፣ ድቡ ቦታውን እስኪለምድ አንድ ወር ሳይሰለች የሚመላለስ እሱ ነው። እሱ በሠራው ማማ ላይ የተቀመጠ ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ ሲባል ብዙም አልሰማንም።

ክሎቪስን ክሎቪስ ያሰኘው ግን ማባበያው አይደለም፤ ሙቀት መፍራቱ ነው። የእኛ አገር የድብ አደን የሚከፈተው ገና በጋው ሳይወጣ፣ የድንች ማሳው ላይ አየሩ ሲንቀለቀል ነው። ድብ ደግሞ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ የሚሞት እንስሳ ነው፤ ከቆዳው ሥር አራት ጣት ስብ አለበት። ሆዱ ቶሎ ተከፍቶ በረዶ ካልታጨቀበት ሥጋው ከዳሌው አጥንት ጀምሮ ይበላሻል። ስለዚህ አዳኙ ሐኪምም ይሁን ዳኛ፣ ከድቡ ጋር ፎቶ ልነሳ ካለ ክሎቪስ አያዝንለትም። «መጀመሪያ ቢላ፤ የምትሞሸረው በኋላ ነው» ይለዋል። ይህን ጠባዩን ሰው ሁሉ ይወድለት ነበር፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው አደላር ቴሪዮ ይባላል። የድንች ጭነት መኪና የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቤቱም ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ አፍ ላይ ነው። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብ መታ። ድቡ ቆስሎ ረግረጉ ውስጥ ገባበት። አደላር ትቶት ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በወባ ትንኝ እየተበላ ሲፈልግ አድሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አገኘው። ሥጋው ግን አልጠበቀውም ነበር። ቢሆንም የተገደለ ድብ መመዝገብ አለበትና ጭኖ ወደ አክስት ቤርት ሱቅ አመጣው።

አክስት ቤርት የማንም አክስት ሳትሆን የሁላችንም አክስት የሆነች ባለሱቅ ናት። ድብ የሚመዘገበውም የሚመዘነውም እሷ ደጃፍ ላይ ነው፤ ወሬውም የሚነሳው እዚያው ነው። ያን ዕለት ክሎቪስ ቡናውን አስቀምጦ ወጣ፣ በድቡ ዳሌ ውስጥ ጣቱን ሰደደ፣ አሸተተው። ከዚያ አሥራ አምስት ሰው ባለበት ወደ አደላር ዞረ።

«ይህን ለማን ልታበላ ነው ያመጣኸው?» አለው። «እኔ የጠነባው ድቡ መስሎኝ ነበር። ጥንቡስ አንተ ነህ።»

ሰው ሳቀ። አደላር ሲፈልግ ማደሩን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አላስጨረሰውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ ጥንቡ ሆነ። ልጆቹ በክሎቪስ አውቶቡስ ሲሳፈሩ «የጥንቡ ልጆች» ይባሉ ነበር፣ ክሎቪስም በመስታወቱ እያያቸው ይነዳ ነበር። ትልቋ ልጁ ስትዳር ሚዜው ንግግር ሲያደርግ በዚያው ስም ቀለደ፤ አደላር አብሮ ፈገግ አለ። ጠመንጃውን ግን ድቡን በገደለበት በዚያው ዓመት ለሰው ሰጥቶት ነበር። ክሎቪስ ነገሩን ከነጭራሹ ረስቶታል። ያነሳበት ሰው ሲኖርም «ትምህርት ሆኖታል» ብሎ ያልፈዋል።

አምና ክሎቪስ ስልሳ አራት ዓመት ሞላው። ለሰው ሲያስገድል ኖረ እንጂ የራሱ የሚለው ትልቅ ድብ አልነበረውም። ሦስት ዓመት በርሜሉን እየገለበጠ የሚሄድ፣ ዱካው ባርኔጣ የሚያህል አንድ ድብ ነበር። ክሎቪስ እንግዶቹን ይህ ድብ ወደሚመጣበት ማማ ወስዷቸው አያውቅም፤ ድቡን ለራሱ ደብቆታል። ወቅቱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ቅጠል እንኳ በማይነቃነቅበት ሙቀት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድቡ መጣ። ክሎቪስ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ድቡ እዚያው በርሜሉ ሥር ተዘረረ።

ከማማው ወርዶ ቢላውን መዘዘ፤ መዝዞም ቆመ። አክስት ቤርት ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አለ፤ የትልልቆቹ ድቦች ክብደትና የገዳዮቻቸው ስም በነጭ ቀለም ይጻፍበታል። አናቱ ላይ ያለው አምስት መቶ አራት ፓውንድ ነበር። ሰሌዳው የሚቀበለው ደግሞ ሙሉውን፣ ከነሆድ ዕቃው የተመዘነውን ነው። ይህን ድብ ከከፈተው ሰባ ሰማንያ ፓውንዱ ጫካ ውስጥ ይቀራል። አክስት ቤርት ለክርስትና ወንዙን ተሻግራ ሄዳለች፤ ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት ነው። ክሎቪስ ይህን ያውቃል። እስከዚያ ያለው አሥራ ሦስት ሰዓት በዚህ ሙቀት ሥጋውን ምን እንደሚያደርገውም ያውቃል፤ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሸለቋችን አልነበረም።

ቢላውን ወደ አፎቱ መለሰው።

ድቡን በባለአራት ጎማ ሞተሩ ጎትቶ ባዶ የድንች መጋዘን ውስጥ አስገባው። መጋዘኑ ግማሹ መሬት ውስጥ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ራሱን አሞኘ። ከቆዳው ላይ ሦስት ከረጢት በረዶ ደረደረበት። ከውጭ የተደረደረ በረዶ ለድብ ምንም እንደማይፈይድ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው እንግዲህ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዛኑ አምስት መቶ አሥራ ሁለት አለ። ሰው ከየቤቱ መጣ። አክስት ቤርት መቼ እንደጣለው ስትጠይቀው ክሎቪስ ዓይኑን ሳያሽ «አሁን ጎህ ሲቀድ፤ በቀጥታ ወደ አንቺ ነው ያመጣሁት» አላት። ስሙ በነጭ ቀለም ሰሌዳው አናት ላይ ሲጻፍ አጨበጨቡለት። አደላር ዳቦውን ታቅፎ ከኋላ ቆሞ ነበር። ክሎቪስን አየው፣ ድቡን አየው፣ ወጣ።

ክሎቪስ ድቡን ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ገና ቢላው ሳይጠልቅ ሽታው ወጣ። የድቡ ፀጉር እጁ ላይ ተነቅሎ ቀረ። በዳሌው አጥንት ዙሪያ ሥጋው አረንጓዴ ሆኗል። ሚስቱ ፍሎሪን ብቅ አለችና በሽርጧ አፍንጫዋን ይዛ ተመለከተችና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ትልቅ ድብ አንድ ጉርሻ የሚሆን ሥጋ አልተረፈም። ሸፍኖ ጫነውና ጫካው ዳር ወዳለው አሸዋ መቆፈሪያ ሄደ።

የሚያስኬደው መንገድ በአደላር ደጅ ነው። ክሎቪስ ጉድጓዱን ጀምሮ ላቡ ሲንቆረቆር ከኋላው የመኪና በር ተዘጋ። አደላር አካፋ ይዞ መጣ።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ጥይት ሰምቻለሁ» አለ አደላር። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ ግን ደጅ ተቀምጬ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

ክሎቪስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አደላር፣ እባክህ» አለ።

«እኔ አልናገርም» አለው አደላር፣ አካፋውንም ሰደደ። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ አውሬ መልሶ እንደሚያወጣው ብቻ ነገረው። አብረው ቆፈሩ፣ አብረው ጎትተው ከተቱ። ክሎቪስ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አስሮ ነበር፤ አደላር ምንም አላሰረም።

በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ እራት የድብ ወጥ የሚያቀርበው ክሎቪስ ነው። አምናም ቀረበ፣ ከፍሪዘር የወጣ የካቻምና ሥጋ። ሰው እየበላ የትልቁን ድብ ጣዕም አደነቀ። አደላርም ፕሎይ በምንለው ስስ ቂጣ እየጠቀለለ በላና ፍሎሪንን አመስግኖ ተነሳ። ክሎቪስ ከዚያ ምሽት በኋላ የአደላርን ዓይን ማየት አልቻለም። ብርዱን ሁሉ አውቶቡሱን ሲነዳ፣ ማንም የማይቀመጥበትን ከኋላ ያለ ወንበር በመስታወት ሲያይ፣ እነዚያ የአደላር ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይታዩት ጀመር። እውነቱን ለመናገር ብሎ ስንት ጠዋት ሱቁ ድረስ ሄዷል። ሰሌዳውን ያይና ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ወሬ አዳማቂ፣ ደረተ ሰፊ የነበረው ሰውዬ ራሱን ተጸየፈ።

ዘንድሮ ወቅቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቁ ሞልቶ ነበር። ሙቀቱም ያው የአምናው ነው። አደላር ወተትና ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ከአዳኞቹ አንዱ «ጥንቡ መጥቷል፣ እስኪ መስኮት ክፈቱ» አለ። ሳቁ። ክሎቪስ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ከሰሌዳው ሥር ነው። ከዚያ ተነሳ።

«ይህ ስም የእኔ ነው» አለ። «ሰሌዳው ላይ ያለውን ድብ የገደልኩት ሳስመዝነው ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ነው። ለክብደቱ ብዬ ሳልከፍተው አሳደርኩት። ጠነባ። አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት። እናንተን ያበላኋችሁ የካቻምናውን ነው።»

አንዱ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሌላው የክሎቪስን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ክሎቪስ ማለት እኮ ይሄ ነው፤ ሰው እንዳይከፋው ብሎ ራሱ ላይ ጭቃ ይለጥፋል» አለ። ከእሱ ሌላ ይህን የሚያደርግ ማን አለ እየተባለ አንዱ ከሌላው ተቀባበለው። አክስት ቤርት ዓይኗን እየጠረገች «እርጅናው ልብህን አባብቶታል ልጄ» አለችው።

«አደላርን ጠይቁት» አለ ክሎቪስ። አሁን ልመና ነበር። «እሱ አይቷል። አብሮኝ ቆፍሯል።»

ሁሉም ወደ አደላር ዞሩ። አደላር ወተቱን በአንድ እጁ፣ ዳቦውን በብብቱ ይዞ ክሎቪስን ተመለከተው።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለና ወጣ።

ክሎቪስ ሮጦ መኪናው ጋ ደረሰበት። ለምን እንደካደው ጠየቀው፤ ይህን ለመናገር አንድ ዓመት ሙሉ እንደፈጀበትም ነገረው።

«አልናገርም ብዬህ የለ? ቃል ነው የሰጠሁህ» አለ አደላር። ዳቦውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ መሪውን ጨበጠ። በድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። «ደግሞ ጥንብ ያልከኝ ቀን እኔም እዚህ ደጅ ላይ አፌን ከፍቼ ነበር። የሰማኝ የለም።»

መኪናው ሄደ። ክሎቪስ ከመንገዱ መሐል መቆሙን ሲያውቅ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሲገባ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱም ትኩስ ቡና አምጥቶ ከፊቱ አኖረለት። ሌላ ባዶ ወንበር አልነበረም። ከሰሌዳው ሥር ተቀመጠ።